የ20 ዶላሩ ቢላዋ ምን አጠፋ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በእኛ አዳኞች መሃል ሲዘዋወር ሰነበተ። አዎ፣ አለን። ኅዳር ሲደርስ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሰን ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ጫካ የምንገባ ሐበሾች፣ ብዙ ባንሆንም፣ አለን። የአጋዘን ሥጋ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን።

ጽሑፉ የታሰበው ለጀማሪ ነው፤ የመጀመሪያ የአደን ቢላዋውን ለሚገዛ ሰው። የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። ከ100 ዶላር በታች የሚሸጥ የማይታጠፍ ቢላዋ አይረባም። ጥሩ ቢላዋ ወፍራም፣ ረጅምና ከባድ ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ካልዘለቀ ይሰበራል። የማይዝግ ብረት ስለት አይዝም። ብር ያጠረው ሰው ቢያንስ ደማስቆ ጥለት ያለውን ይግዛ። ሱቅ ውስጥ ወረቀት ይቁረጥበት፣ ቤት ሲገባ ሞረድ ያስኪድበት፤ ሞረዱ ከነከሰው ይመልሰው። የደም መሄጃ ቦይ እንዳለውም ይመልከት። ስለ ሰገባም አንድ ሁለት ነገር ብሏል፤ እሱ ላይ እንስማማለን።

ጸሐፊው ለሰው አስቦ እንደጻፈ ይታወቃል። ችግሩ የሚመዝነው አይን የሚያየውን ብቻ መሆኑ ነው። ውፍረት፣ ጥለት፣ ክብደት፣ የዋጋ ወረቀት። ቢላዋው ይሠራል አይሠራም የሚለው ግን የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው። ብረቱ እንዴት ጋለ፣ እንዴትስ ቀዘቀዘ? ወደ ስለቱ ሲወርድ ምን ያህል ሳሳ? እጅ በደምና በስብ ሲርስ እጀታው ያንሸራትታል ወይ? ይህን ሁሉ ደግሞ 20 ዶላር የከፈለ ሰውም ሊያገኘው ይችላል።

በዋጋው ልጀምር። ስዊድን ውስጥ ዳላርና በሚባለው ግዛት ሞራ የምትባል ከተማ አለች። ቢላዋ መሥራት እዚያ የቆየ ሙያ ነው። ዛሬ ሞራክኒቭ የሚባለው ድርጅት ታሪኩን ከ1891 እ.ኤ.አ. ይቆጥራል። በ2005 ፍሮስትስና ኬ ጄ ኤሪክሰን የሚባሉ ሁለት የአካባቢው ፋብሪካዎች ተዋሕደው ነው አሁን ያለው ድርጅት የተፈጠረው። «ኮምፓኒየን» የሚሉት ቢላዋቸው አሜሪካ ውስጥ 20 ዶላር ገደማ ነው የሚሸጠው። ብረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። እጀታውም ሰገባውም ፕላስቲክ ነው። ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ግን ለምን ረከሰ? ብረቱ ከጥቅልል ላይ በማሽን ተቆርጦ ይወጣል። በጅምላ እቶን ውስጥ ይገባል። እጀታው እንደ ውኃ ፈስሶ እላዩ ላይ ይረጋል። ቆዳ የለም፣ ነሐስ የለም፣ በእጅ የሚወለውል ሰው የለም። ወጪ የተቀነሰው ከማይቆርጠው ክፍል ላይ ነው። ብረቱና አገላሉ ላይ አልሰሰቱም። ሌላው ርካሽ ቢላዋ ተቃራኒውን ያደርጋል። እጀታው የአጋዘን ቀንድ መስሎ፣ ጫፉ ላይ የንስር ጭንቅላት ተለጥፎ፣ ብረቱ ግን የማንኪያ ብረት ይሆናል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። 100 ዶላር ላይ መስመር ማስመር እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል። ጸሐፊው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የማይዝግ ብረት ስለት አይዝም የሚለው ነገር ዱሮ ምናልባት ያስኬድ ነበር። የዚያ የስዊድን ቢላዋ ብረት 12ሲ27 ይባላል። ካርበኑ 0.6 በመቶ፣ ክሮሚየሙ 13.5 በመቶ ገደማ ነው። ካርበኑ ያጠነክረዋል፣ ክሮሚየሙ ዝገት ይከላከልለታል። ወንድሙ 13ሲ26 የጢም መላጫ ምላጭ የሚሠራበት ብረት ነው። ጢም የሚላጭ ብረት ስለት አይዝም ብሎ መከራከር ትንሽ ይከብዳል።

እኛ አገር ያለውን ነገር ደግሞ እናስበው። ባለጁ ከመኪና ባሌስትራ የሚሠራውን ቢላዋ የማያውቅ የለም። የባሌስትራ ብረት ካርበኑ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው 0.6 በመቶ አካባቢ ነው። ስለቱ ግሩም ነው። ሽንኩርትና ሎሚ ቆርጣችሁ ሳታጥቡት ካደራችሁ ግን ጠዋት ጠቁሮ ወይ ዝጎ ታገኙታላችሁ። ወጥ ቤት ከሆነ ችግር የለውም፤ ያጥቡታል፣ ይወለውሉታል። በዝናብና በበረዶ ጫካ ውሎ፣ ደም እንደነካው ሰገባ ውስጥ ገብቶ፣ ማታ ደክሞት የሚረሳ ሰው ኪስ ላይ ከሆነ ግን የማይዝገው ይሻለዋል። «ካርበን» የሚሉትን እንዲህ ያለውን የሚዝግ ብረት የሚወድ ይውደድ፤ እኔም አንድ አለኝ። ለጀማሪ ግን «ከካርበን ውጪ እንዳትነኩ» ማለት ክፉ ምክር ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ጨርሶ ያልነካውን ነገር ላንሳ። የብረቱ ስም ብቻውን ምንም አያስረዳም። ባክ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት 119 ቁጥር ያለውን የታወቀ የአደን ቢላዋውን ለረጅም ጊዜ የሠራው በ420ኤችሲ ነው። ይህ ብረት ርካሽ ነው፤ ካርበኑም ግማሽ በመቶ አይሞላም። ስማቸው ያልታወቀ ብዙ ቢላዋዎችም በዚሁ ብረት ይሠራሉ። የባኩ ስለት ይዞ ይቆያል፣ የአንዳንዶቹ አንድ ፍየል ሳያልቅ ይዶለዱማል። ልዩነቱ አገላሉ ነው። ብረቱ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ግሎ በፍጥነት መቀዝቀዝ አለበት። ያኔ በጣም ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና ለስለስ ባለ ሙቀት ተሙቆ ግትርነቱ ይረግባል። ማሞቂያው ትንሽ ካለፈ ስለቱ ይጣጠፋል፣ ትንሽ ካነሰ ይሸረፋል። ይህን ደግሞ በዋጋ ወረቀት ላይ ማንም አይጽፈውም።

ቢላዋው ላይ የሚጻፈውን እንመልከት ከተባለ፣ ሁለት ጽሑፎችን ጠርጥሩ። አንዱ «የቀዶ ሕክምና ብረት» የሚለው ነው። ይህ ስም የአንድ የተወሰነ የብረት ዓይነት መጠሪያ አይደለም፤ የፈለገው ሰው የፈለገው ብረት ላይ ይጽፈዋል። ሌላው ያለ ፊደል «440» ብቻ የሚለው ነው። 440ኤ፣ 440ቢ እና 440ሲ የተለያዩ ብረቶች ናቸው። በ440ኤ ውስጥ ያለው ካርበን ከ0.75 በመቶ አይበልጥም፤ 440ሲ ከ0.95 ይጀምራል። ሲ የሆነውን የሠራ ሰው ሲ ብሎ ይጽፋል። ፊደሉ ከጠፋ ምክንያት አለው።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ጸሐፊው 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ካልሆነ አትግዙ ይላል። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምቃወመው።

ባለፈው ፋሲካ ከጥቂት ቤተሰብ ጋር እርሻ ሄደን ፍየል ገዝተን አረድን። አንድ ወንድማችን ጀርባው ላይ መጋዝ የመሰለ ጥርስ ያለው፣ 6 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ጥቁር ቢላዋ ይዞ መጣ። አዲስ ነው፤ ክንዱ ላይ ያለውን ፀጉር ይላጫል። ፍየሉ በኋላ እግሮቹ ከተሰቀለ በኋላ ገፈፋው ተጀመረ። ወፍራሙ ቢላዋ ቆዳና ሥጋ መሃል መግባት አቃተው። ሲገፋው ወይ ቆዳውን ይበሳል፣ ወይ ሥጋውን ቆዳው ላይ ይተዋል። በሌላው ፍየል ላይ አንድ አባት ነበሩ። የያዙት ቢላዋ በመሳል ብዛት ጎኑ ያለቀ፣ ስስ የወጥ ቤት ቢላዋ ነው። የፍየሉ ጭን አካባቢ ሲደርሱ ቢላዋውን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው ቆዳውን በቡጢ እየገፉ አወረዱት። የያዘ ነገር ሲያጋጥማቸው ብቻ በጫፉ ነካ ያደርጉታል። የእሳቸው አልቆ ብልት ማውጣት ሲጀምሩ የወጣቱ ገና ከወገቡ አልወረደም። ልጁም ቢላዋውን ወደ ሰገባው መልሶ ኩላሊት ማጠብ ጀመረ።

ነገሩ ጉልበት ወይም ልምድ ብቻ አይደለም። የወፍራሙ ቢላዋ ስለት ፀጉር ይላጭ እንጂ፣ ከስለቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ሲባል ብረቱ ሽብልቅ ነው። ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም። እንጨት ለመፍለጥ ጥሩ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መጥረቢያ አለ። ያ የስዊድን ቢላዋ የማይዝገው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የካርበኑ 2 ሚሊ ሜትር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካን ጎሽ ሲገፉ የኖሩ አዳኞች ስማቸው ከግሪን ሪቨር ቢላዋ ጋር ነው የሚነሳው። ይህ ቢላዋ ጆን ራስል በ1834 ማሳቹሴትስ ውስጥ የጀመረው ፋብሪካ ሥራ ነው። ብታዩት ከወጥ ቤት ቢላዋ ብዙም አይለይም። ያን የሚያህል አውሬ በዚያ ስስ ብረት ተገፏል።

ርዝመቱም እንዲሁ። ጸሐፊው አጥንት ለመስበር 18 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል ይላል። አጋዘን ወድቆ ሆዱ ሲከፈት ምን እንደሚደረግ ያየ ሰው ይህን አይልም። አንድ እጅህ በሁለት ጣቶች ቆዳውን ከፍ አድርጎ የሆድ ዕቃውን ወደ ውስጥ ይጫናል። ሌላው እጅህ ቢላዋውን በሁለቱ ጣቶች መሃል ያስገባል፤ ስለቱ ወደ ላይ ነው። ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጪ ትቀድዳለህ። በኋላ ደግሞ ክንድህን እስከ ክርን ደረት ውስጥ ከትተህ ጉሮሮውን ትቆርጣለህ። እዚያ ውስጥ አይን አያይም። ጫፉ የት እንዳለ የምታውቀው በጣትህ ነው። ረጅም ቢላዋ ከሆነ ጨጓራውን ወይም ፊኛውን ይነካል፣ ፈርሱ ይፈሳል፣ ሥጋው ይበላሻል። ሲከፋም የራስህን እጅ ያገኘዋል። አጥንት ደግሞ አይሰበርም፤ መገጣጠሚያው ተፈልጎ ነው የሚለያየው። ይህን እናቶቻችን ዶሮ ሲገነጥሉ አይተነዋል። 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ለአጋዘን ይተርፋል።

«ፉል ታንግ» ያልሆነ ቢላዋ ይሰበራል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ በሙሉ ስፋቱ መዝለቁ ጥንካሬ እንደሚጨምር እውነት ነው። ግን ያ ጥንካሬ የሚያስፈልገው ቢላዋን በዱላ እየመታ እንጨት ለሚፈልጥ ወይም እንደ ፌሮ ለመፈልቀቂያ ለሚጠቀምበት ነው። የፊንላንዶች ፑኮ የሚባለው ቢላዋ ብረቱ እጀታ ውስጥ ሲገባ ቀጭን ነው፤ ትውልድ ከትውልድ አድነውበታል። ቅድም ያነሳሁት ባክ 119ም ፉል ታንግ አይደለም። ጸሐፊው ያንኑ ቢላዋ በጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ አሞግሶታል፤ ምናልባት እጀታውን ከፍቶ አላየውም። ይልቅ የሚታየው እጀታውና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ደምና ስብ እዚያ ይገባል፣ ይሸታል፣ ከውስጥ ይዝጋል። ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ቅጭልጭል ካለ መልሱት።

ደማስቆ የተባለው ጥለት ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። ጸሐፊው ብር ያጠረውን ሰው ወደዚህ ነው የላከው። ዛሬ ደማስቆ የሚባለው ሁለት ዓይነት ብረት አንድ ላይ ተቀጥቅጦ፣ ተጣጥፎ፣ እንደገና ተቀጥቅጦ የሚሠራ ነው። አንዱ ብዙ ጊዜ ካርበን የበዛበት ነው፣ ሌላው ኒኬል ያለበት። አሲድ ውስጥ ሲነከር አንዱ ይጠቁራል፣ ሌላው ያበራል፤ ጥለቱ የሚወጣው እንዲህ ነው። በእጅ ሲሠራ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ታዲያ 40 ዶላር የሚሸጠው ላይ የድካሙ ዋጋ የት ገባ? ብዙውን ጊዜ ብረቱ ላይ ነው የሚቆጠበው። የተገኘው ብረት ከተገኘው ጋር ይቀጠቀጣል። አንዳንዱ ጭራሽ ተራ ብረት ሆኖ ጥለቱ ላዩ ላይ የተሳለ ነው። ውጩ ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ። ከእነዚህ ርካሾች ብዙዎቹ ከፓኪስታን፣ ከፑንጃቧ ዋዚራባድ ይመጣሉ። ከተማዋ በቢላዋ ሥራ የታወቀች ናት፣ ጥሩ ባለሙያም አላት፤ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን በዚያ ዋጋ አምጡልኝ የሚለው ነጋዴ ነው። ሻጩን የሁለቱን ብረት ስም ጠይቁት። እውነተኛ ከሆነ ሳያቅማማ ይነግራችኋል። «ንጹሕ ደማስቆ ነው» ብቻ ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። በዚያው 40 ዶላር ሁለት ስዊድኖች ይገዛሉ።

ወረቀት መቁረጥ ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ የመጨረሻው ሰው እንዴት እንደሳለው እንጂ ቢላዋው ምን እንደሆነ አይነግርም። ሲሳል ስለቱ ጫፍ ላይ ፀጉር የምታህል የብረት ክር ትቀራለች። እሷ ካልተወገደች ወረቀት በደንብ ትቆርጣለች፣ ክንድም ትላጫለች። ከዚያ የመጀመሪያው ቆዳ ላይ ትጣጠፋለች። ገዢው «አንድ ቀን ሳልጠቀምበት ዶለዶመ» ብሎ ብረቱን ይረግማል። ተቃራኒውም ይከሰታል። ፋብሪካ ውስጥ በፈጣን ማሽን ሲሳል የስለቱ ጫፍ ግሎ ጥንካሬውን ያጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ በድንጋይ ሲሳል ያ የተጎዳው ብረት ይወጣና ቢላዋው ይለወጣል። ስለዚህ አዲስ ቢላዋ መጀመሪያ ራሳችሁ ሳሉት፣ ከዚያ ፍረዱበት።

የሞረዱ ምርመራ ግን ጥሩ ቢላዋ ያስጥላል። የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ ሞረድ 62 እና ከዚያ በላይ ነው። ጥሩ የአደን ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ በ56 እና በ60 መካከል ነው። ጠንካራው ለስላሳውን ይነክሳል፤ ሥራው ነው። ሞረድ ጨርሶ የማይነክሰው ቢላዋ ካጋጠማችሁ ጫካ ውስጥ ልትስሉት ስትሞክሩ ታለቅሳላችሁ፤ አጥንት ሲነካም ሊሸረፍ ይችላል። ደግሞስ በሞረድ የተሞረደ ቢላዋ የትኛው ሱቅ ነው መልሶ የሚቀበለው?

እኔ ሱቅ ውስጥ የማደርገው ሌላ ነው። ቢላዋውን ከጫፉ በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥሬ አያለሁ፤ የተጣመመ ካለ ወዲያው ይታያል። የግራና የቀኝ ጎኑ እኩል የተሞረደ መሆኑን አያለሁ። ከዚያ ስለቱን ወደ መብራት አዞረዋለሁ። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ ብልጭ የሚል ነጥብ ካለ እዚያ ጋር ወይ ዱልዱም ነው ወይ ተሸርፏል። ጀርባውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዤ ወደ ስለቱ አቅጣጫ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፣ ስለቱ ጋ ሳልደርስ እቆማለሁ። እየሳሳ መሄዱ በጣት ይታወቃል።

ቤት ሲገባ ወፍራም ካርቶን ደጋግሜ እቆርጣለሁ። ካርቶን አቧራም ሙጫም ስላለው ስለት ይፈትናል። ከዚያ ደረቅ ጠንካራ እንጨት እቀርፋለሁ። ስለቱን መብራት ላይ መልሼ ሳየው ወደ ጎን የተጠቀለለ ከሆነ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ጥርስ ጥርስ አውጥቶ ከተሸረፈ ተሰባሪ ነው። ምንም ከሌለው፣ ወይም ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ሲሄድ ከተመለሰ፣ ቢላዋው ደህና ነው። ቀጥሎ እጄን በዘይት አርሼ እጀታውን እይዛለሁ። ያበደ ይመስላል፣ ግን በስብ የራሰ እጅ ወደ ስለቱ ሲንሸራተት ሆስፒታል ነው መጨረሻው። ከጣት ፊት ትንሽ ማቆሚያ የሌለው ቢላዋ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ለጀማሪ አልመክርም። የሚያብረቀርቅ እንጨትና ቀንድ እዚህ ላይ ከጎማ ይሸነፋሉ።

የደም ቦዩ ቀላል ነው። ጎኑ ላይ ያለው ቦይ ደም ለማፍሰስ አይደለም፤ ብረቱን ለማቅለል ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ቢላዋ ላይ የሚቀነሰው ክብደት ደግሞ ይህ ነው የሚባል አይደለም። ጌጥ ነው። ስብ ይሰበሰብበታል፣ ለማጠብ ያስቸግራል።

ስለ ሰገባ ጸሐፊው ያለው ትክክል ነው። ገልብጣችሁ ነቅንቁት፤ ቢላዋው ከወደቀ ዛፍ ላይ ስትወጡም ይወድቃል። ልጨምርበት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የቆዳ ሰገባ ውስጥ ቢላዋ አታከርሙ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋ የገባበት ጨውም ይቀራል፤ የማይዝግ የተባለውን ሳይቀር ያነቁጠዋል። አስቀያሚው ፕላስቲክ በፈላ ውኃ ይታጠባል።

100 ዶላር የሚያስከፍል ምክንያት የለም እያልኩ አይደለም። በአንድ ቀን ሦስት አራት አጋዘን ሳይስል መግፈፍ የሚፈልግ ሰው የተሻለ ብረት ይግዛ፤ ስለቱ ረጅም ጊዜ ይቆይለታል። ሲዶለዱም ግን ለመሳልም ያን ያህል ያደክማል። በዓመት አንድ ወይ ሁለት ለሚጥል ጀማሪ ይህ ትርፍ ነው። 20 ዶላሩን ለቢላዋው፣ 30ውን ባለ ሁለት ፊት መሳያ ድንጋይ ላይ ያውል። በወር አንዴ ከሽንኩርት ቢላዋዎቹ ጋር አብሮ ይሳለው። የቀረው 50 ዶላር ለፈቃድና ለጥይት ነው።